ይህን ሁሉ ድምፅ የሰጠው ማን ነው?

ታይም መጽሔት በ2009 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያላቸውን ሰዎች አንባቢው በኢንተርኔት እንዲመርጥ ጋበዘ። ውጤቱ ሲወጣ አንደኛ የሆነው የሀገር መሪም፣ ሳይንቲስትም፣ የፊልም ተዋናይም አልነበረም። የ21 ዓመቱ ክሪስቶፈር ፑል ነበር፤ ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጹ ምስልና ጽሑፍ የሚለጥፉበትን ፎርቻንን ገና በ15 ዓመቱ የከፈተው ወጣት። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው «ሙት» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቃሉ ከእኛው «ሙት» ጋር አይገናኝም፤ በእንግሊዝኛ ገና ያልተቋጨ፣ የሚያከራክር ነገር ማለት ነው። ያገኘው ድምፅ 16,794,368 ሆኖ ተመዘገበ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ከእሱ በታች ያለው ሰልፍ ነው። ሁለተኛው የማሌዥያው ፖለቲከኛ አንዋር ኢብራሂም፣ ሦስተኛው አሜሪካዊው ፓስተር ሪክ ዋረን፣ አራተኛው በፓኪስታን የታሊባን መሪ የነበረው ባይቱላህ መህሱድ፣ አምስተኛው አሜሪካዊው ሐኪም ላሪ ብሪሊያንት፣ ስድስተኛው በወቅቱ የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ሆልደር ናቸው። ስምንተኛ ላይ የዚያን ጊዜዋ የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ መርከል ይገኛሉ። እነዚህን ሰዎች በአንድ ዝርዝር ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልሱን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የስማቸውን መነሻ ፊደል ብቻ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ነው። ኤም፣ ኤ፣ አር፣ ቢ፣ ኤል፣ ኢ እያለ ይወርድና 21ኛው ስም ላይ ሲደርስ «ማርብልኬክ ኦልሶ ዘ ጌም» የሚል ሐረግ ይሆናል። ትርጉሙ የሚገባው በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ለከረመ ሰው ብቻ ነው።

አንድን ሰው አንደኛ ማድረግ አንድ ነገር ነው። አንጌላ መርከልን ልክ ስምንተኛ ላይ አቁሞ፣ ሰባተኛ እንዳይሆኑም ዘጠነኛ እንዳይሆኑም መጠበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ ሌት ተቀን መከታተልን ይጠይቃል። በር ተከፍቶ ስለነበር መግባቱ የፎርቻን ተጠቃሚዎችን አላስቸገራቸውም። ድምፁ የሚላከው በአንድ የድረ ገጽ አድራሻ ሲሆን የተመራጩ መለያ ቁጥርና የተሰጠው ነጥብ አድራሻው ውስጥ በግልጽ ይታይ ነበር። ቁጥሩን መለወጥ የቻለ ሁሉ የፈለገውን ይሾማል፤ ትንሽ ፕሮግራም የሚጽፍ ደግሞ እሱ ተኝቶ ኮምፒውተሩ ይመርጥለታል። መጽሔቱ ቁልፍ ጨመረ፤ ቁልፉ ተፈታ። በኋላም ሰው መሆንን የሚያረጋግጡ የተጣመሙ ፊደላት፣ ማለትም ካፕቻ፣ ገባ። ያኔ ፕሮግራሞቹ ሲቆሙ ሰዎቹ አልቆሙም። ፊደላቱን በእጃቸው እየጻፉ ቀጠሉ።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። «ጠላፊዎች ምርጫ አበላሹ» ተብሎ ያልፋል። ነገር ግን መከላከያው ሁሉ ሥራውን ሠርቶ፣ ማሽኑ ከጨዋታ ወጥቶ፣ በእውነት ሰው የሆነ ሰው ብቻ ሲቀርም ውጤቱ አልተቀየረም። ምክንያቱም በዚያ ሳምንት ስለዚያ ዝርዝር ከማንም በላይ ግድ ያላቸው እነሱ ነበሩ። የመጽሔቱ መደበኛ አንባቢ አንድ ጊዜ ተጭኖ ወደ ጉዳዩ ሄዷል። በሩን ክፍት አድርጎ የሚጠብቅ የኢንተርኔት ምርጫ የሚቆጥረው ትጋትን ነው፤ የሰው ብዛት የትጋቱን ያህል አይታይበትም።

ይህ ድክመት ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ አይደለም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ 10 ሚሊዮን ያህል የድምፅ ወረቀት በፖስታ ላከ። አድራሻዎቹ የተሰበሰቡት በዋናነት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደግሞ ማን እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ወረቀት ተሞልቶ ተመለሰ። መጽሔቱም አልፍሬድ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። በምርጫው ቀን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕትመቱን አቋረጠ። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ለይቷል፤ ልዩነቱ ጋሎፕ ማንን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የቆጠረው የደረሰውንና መልስ ለመስጠት የተነሳሳውን ብቻ ነበር። የወረቀቱ መብዛት ስህተቱን አላረመውም፤ ይልቁንም አስተማማኝ አስመሰለው።

ዛሬ «ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠበት» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ ያ የወረቀት ክምር ነው። የተደራጀ ማኅበረሰብ ባይገባበት እንኳ ፈቃደኛ ሁሉ የሚሞላው መጠይቅ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 አሳይቷል። በእንዲህ ዓይነት መጠይቅ ላይ ከ30 ዓመት በታች ከሆኑ አሜሪካውያን መልስ ሰጪዎች 12 በመቶው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ የማንቀሳቀስ ፈቃድ እንዳላቸው ተናግረዋል። እውነተኛው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። መልስ ሰጪዎቹ ሳያነቡ «አዎ» እያሉ ያለፉ ወይም ስለ ዕድሜያቸውም ጭምር እውነቱን ያልተናገሩ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ባለ መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ «ወጣቱ እንዲህ ያስባል» የሚል ርዕስ ሲወጣ ምን ያህሉን ወጣት እየሰማን ነው?

ድምፅ የሚያሰባስቡት ድርጅቶች ከዚህ ሁሉ ነፃ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያቀርቡት መልሱን ፈልገው አይደለም፤ ሰው እንዲመጣላቸው ፈልገው ነው። ሰው ሲመጣ ደግሞ የመጣው የጠበቁት ዓይነት ሰው አይሆንም። ያኔ የሚያደርጉት ነገር ማንነታቸውን ይገልጣል።

የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ በ2007 ለአንድ ዓሣ ነባሪ ስም እንዲወጣለት ሰውን ጠየቀ። በጃፓን መርከቦች ሊታደኑ የታሰቡትን ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ጉዳይ ለሕዝብ ለማሳወቅ የታቀደ ዘመቻ ነበር። ከቀረቡት ስሞች አብዛኞቹ ከልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተወሰዱ፣ ክብደትና ትርጉም ያላቸው ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ግን «ሚስተር ስፕላሺ ፓንትስ» ይላል፤ ለሕፃን የሚወጣ የማቆላመጫ ስም የሚመስል፣ ውኃ የሚረጭ ሱሪ ለባሹ አቶ እንደማለት። ሬዲት የተባለው የኢንተርኔት መወያያ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎች ያዩትና ይወዱታል። ግሪንፒስ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት የድምፅ መስጫውን ጊዜ አራዘመ፤ ማራዘሙ ግን እሳቱ ላይ ነዳጅ ሆነ። በመጨረሻ ያ ስም ከ119,000 በላይ ድምፅ፣ ከጠቅላላው 78 በመቶውን፣ ይዞ አሸነፈ። ድርጅቱ ያኔ ሐሳቡን ለወጠና ስሙን ሙሉ በሙሉ ተቀበለው፤ ዘመቻውን ሁሉ በስሙ አካሄደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጃፓን መንግሥት ሃምፕባኮቹን የማደን ዕቅዱን ተወው። ለዚህ ውሳኔ ከሀገራት የመጣው የዲፕሎማሲ ግፊት ብዙ ድርሻ አለው። ቢሆንም ስለ ዓሣ ነባሪ አደን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ስለ ጉዳዩ ያወቀው በዚያ ስም ምክንያት ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች ሳያስቡት የዘመቻው አባል ሆኑ።

የብሪታንያው የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤት በ2016 ሌላ መንገድ መረጠ። 200 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚፈጅ የዋልታ ምርምር መርከብ ስም ጠየቀ። «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚለው የልጅ አፍ የመሰለ ስም 124,109 ድምፅ አግኝቶ ከሁሉም በሰፊ ርቀት አንደኛ ወጣ። መርከቡ ግን «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» ተባለ። የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ እንደሚሆን በደንቡ ላይ አስቀድሞ ስለተጻፈ ሕግ አልተጣሰም፤ አተንቦሮም ክብሩ የሚገባቸው ሰው ናቸው። የሕዝቡ ስም መርከቡ ላይ ለምትጫን ሰው አልባ ቢጫ ሰርጓጅ ተሰጠ። ይህችው ትንሽ ሰርጓጅ በደቡባዊ ውቅያኖስ ጥልቀት ውስጥ ሄዳ፣ የነፋሱ መበርታት የጥልቁን ውኃ እንዴት እያሞቀው እንደሆነ ለማወቅ የረዳ መረጃ ይዛ ተመለሰች። ዜናው በወጣ ጊዜ ከሳይንቲስቶች ክበብ አልፎ በየቤቱ የተወራው በስሟ የተነሳ ነው። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ከድምፅ ሰጪው ጋር እቆማለሁ። መልሱን የማይቀበል ሰው ባይጠይቅ ይሻላል፤ ሰውን «ምረጥ» ብሎ ጠርቶ ሲመርጥ «ቀልደሃል» ማለት በሚቀጥለው ጊዜ በቁም ነገር ሲጠሩት እንዳይመጣ ያደርጋል።

ቀልዱ ከመርከብና ከዓሣ ነባሪ አልፎ ሰው ላይ ሲያርፍ ነገሩ ይለወጣል። በ2012 ቴይለር ስዊፍት ብዙ ድምፅ ላገኘ ትምህርት ቤት ኮንሰርት እንድታቀርብ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። የኢንተርኔት ዘማቾች ድምፃቸውን በቦስተን ለሚገኘው ሆሬስ ማን የተባለ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አጎረፉ። ለምን እንደመረጡት ማንም አይስተውም። ትምህርት ቤቱ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ዘፋኟና የውድድሩ ደጋፊ ድርጅቶች ግን እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ሰጡት። ልጆቹ ምንም ሳያደርጉ የማያውቋቸው ሰዎች መሳለቂያ እንዲሆኑ ተመረጡ። ልጆቹን የዚህ ጨዋታ ዕቃ ያደረገ ድምፅ አንድም ይሁን አንድ ሚሊዮን፣ ለእኔ ያው ነው።

የጆን ስኮት ታሪክም የጀመረው በዚሁ መንፈስ ነው። ስኮት በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ያለው ግዙፍ ተጫዋች ነበር። ሥራው ጎል ማግባት አልነበረም፤ ጓደኞቹን የሚመታ ካለ ሊጋፈጥ የሚሰለፍ ነው። በሙሉ የሊግ ሕይወቱ ያገባው ጎል አምስት ብቻ ሆኖ ሳለ ለ2016ቱ የኮከቦች ጨዋታ የቡድን አምበል እንዲሆን በኢንተርኔት ተመረጠ። ድምፅ ያሰባሰቡለት ሰዎች የጨዋታውን ክብር በእሱ ሊያላግጡበት ነበር። እሱ ራሱ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው ምረጡ ብሏቸው ነበር። ሊጉም አልወደደውም። በዚያ ሰሞን ከአሪዞና ወደ ሞንትሪያል ተዛወረና ወዲያው ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፤ ባለቤቱ ያኔ መንታ ነፍሰ ጡር ነበረች። በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ከሊጉ የሆነ ሰው ልጆችህ በዚህ የሚኮሩ ይመስልሃል ወይ ብሎ እንደጠየቀው ገልጿል። ለመጫወት የወሰነው ያንን ሲሰማ ነው።

ጨዋታው በናሽቪል ተካሄደ። ስኮት ሁለት ጎል አገባ። ቡድኑ አሸነፈ። ለጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ድምፅ ሲሰጥ ስሙ በዕጩዎቹ ውስጥ አልነበረም፤ ሕዝቡ ግን ራሱ እየጻፈ መረጠው። የቡድን ጓደኞቹ፣ ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች፣ በትከሻቸው ተሸከሙት። በዚያ ምሽት የለበሰው የራስ ቁር በሆኪ የዝነኞች አዳራሽ ተቀምጧል። ሊጉ በኋላ እንዲህ ያለ ተጫዋች ዳግም እንዳይመረጥ ደንቡን አጠበቀ። ይህን ታሪክ ስጽፍ የማስበው በመሀል ስለተከሰተው ለውጥ ነው። ሊያላግጡ የመረጡት ሰዎች ስኮት ሲገፋ ባዩ ጊዜ ከጎኑ ቆሙ፤ ያው ቁልፍ፣ ያው ድረ ገጽ፣ ያው ሕዝብ ነው፤ የተቀየረው ሰውየው ለእነሱ ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ምርጫዎች አንዳንዱ ከኢንተርኔት ወጥቶ በየመንገዱ፣ በየቴሌቪዥኑ ይገባል። በ2007 በፎርቻን ተጠቃሚዎች መካከል የተጀመረው «ሪክሮል» ሰውን ሌላ ነገር ያገኛል ብሎ እያታለሉ ወደ 1987ቱ የሪክ አስትሊ ዘፈን መምራት ነው። በቀጣዩ ዓመት አስትሊ በኤምቲቪ አውሮፓ የሙዚቃ ሽልማት የዘመናት ምርጥ ተብሎ በኢንተርኔት ዘመቻ ተመረጠ። በዚያው ወር በኒውዮርክ በሚካሄደው የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ እሱ ራሱ ብቅ ብሎ ዘፈነ። ዘፈኑ በ2021 በዩቲዩብ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ጥቂት ሰዎች የጀመሩት፣ ብዙኃኑ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ የራሱ ያደረገው ነገር ነው። ባህል ወትሮም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አሁን ፍጥነቱ ጨመረ እንጂ።

ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቁጥሩ ከራሱ በላይ ይሆናል። በሰኔ 2020 ዶናልድ ትራምፕ በቱልሳ ለጠሩት የምርጫ ቅስቀሳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመግቢያ ጥያቄ እንደቀረበ የዘመቻው ኃላፊዎች ተናገሩ። በቲክቶክ ላይ ያሉ ወጣቶችና የኮሪያ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ሳይሄዱ እየተመዘገቡ ነበር። 19,000 ያህል ሰው በሚይዘው አዳራሽ የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የቆጠረው 6,200 ገደማ ነው። ወጣቶቹ ማንንም ከወንበር አላስቀሩም፤ መግቢያው ቀድሞ ለደረሰ ስለነበር ባዶውን ወንበር የፈጠረው ወረርሽኙንና ሌላውን ምክንያት ጨምሮ ያልመጣው ሰው ነው። ወጣቶቹ ያበላሹት ግምቱን ነው። ቁጥሩን ሳይመረምሩ አምነው በየመድረኩ ያወጁት ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው።

እስካሁን በጠቀስኳቸው ታሪኮች ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል፣ ከድምፁ ጀርባ ሰው አለ። ሊቀልድ የመጣ፣ ሊያናድድ የመጣ፣ ሊረዳ የመጣ፤ ቢሆንም የመጣ ሰው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው አባባላችን የሚያወራው ስለነዚህ ነው። አንድ ሎሚ አንድ ሰው ይዞ ሃምሳ ሆኖ መምጣት ሕጋዊም ክቡርም ነው፤ አሳሳቢው አንዱ ሰውዬ ሃምሳውንም ሎሚ ተሸክሞ ሃምሳ ሰው ነኝ ሲል ነው።

በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኢንተርኔት ገለልተኝነትን ደንብ ሊሽር ሲነሳ እንደ ሕጉ የሕዝቡን አስተያየት ጠየቀ። ደንቡ አገልግሎት አቅራቢ ኩባንያዎች ሁሉንም ድረ ገጽ በእኩል እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ነበር። ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገባ። የኒውዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለዓመታት መርምሮ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው ሐሰተኛ እንደነበር አስታወቀ። 8.5 ሚሊዮኑ በኢንተርኔት አቅራቢዎች ገንዘብ የተካሄደ ዘመቻ ውጤት ነው፤ ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች በስማቸው እንደተጻፈ እንኳ የማያውቁ ነበሩ። ከሌላው ወገን ደግሞ፣ ደንቡ ይቆይ ብለው የገቡ 7.7 ሚሊዮን አስተያየቶችን አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በፈጠራቸው ስሞች ብቻውን ልኳል።

ተማሪው የደገፈው ሐሳብ እኔም የምደግፈው ነው። ሥራው ግን ኩባንያዎቹ ካደረጉት አይለይም። ሁለቱም ወገኖች የሰውን ድምፅ በሐሰተኛ ድምፅ ተክተዋል፤ ሁለቱም ኮሚሽኑ «ይህ ሁሉ ቁጥር ትርጉም የለውም» ብሎ የማለፍ ምክንያት እንዲያገኝ አድርገዋል። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደንቡን ሻረ። 18 ሚሊዮኑን ከ22 ሚሊዮን ስንቀንስ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ይቀራል። እነዚያ በየቤታቸው ተቀምጠው፣ ስለ ኢንተርኔት ሂሳባቸው፣ ስለ ንግዳቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት አስበው፣ ስማቸውን አስገብተው የጻፉ ሰዎች ናቸው። ጽሑፋቸው እዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ከተፈበረኩት ስሞች መካከል ተደባልቆ ተቀምጧል።